ጫማ የሚቀማው ቤት

አማቴ እስከ ዛሬ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ሙሽራ ሆኜ ደጃፋቸው ላይ በቆምኩበት ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ አይተው "ቆለኛዋ ይህች ናት?" አሉ። ልጆቼ በቁመት ከበለጡኝ በኋላም ስሜ ያው ነው። እኔም በአፌ እማማ እላቸዋለሁ፤ በሆዴ የምጠራቸውን ግን እዚህ አልጽፈውም።

የምጽፈው ስለ ቤታቸው ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ጽሑፍ አይቀናኝም፤ ቢሆንም ዝም ማለት ሰለቸኝ። ባለፈው በጸሎት ቤታችን አንዲት እህት ስልኳን ከፍታ ፎቶ አሳየችኝ። አማቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፎቶው ሥር ተራራ ሊወጣ የሄደ አንድ ወጣት፣ የደግነት ቤት፣ የድሮ እንግዳ ተቀባይነት ያልጠፋበት ቤት፣ እያለ ጽፏል። እህቲቱ የባልሽ እናት ናቸው አሉ፣ ታድለሽ አለችኝ። ወጣቱ እዚያ ያደረው አንድ ሌሊት ነው። እኔ ከዚያ ቤት ጋር ስጣላ ጎልማሳነቴ አልቋል። ስለዚህ የማውቀውን እኔም ልናገር።

አዳማ ተቀምጦ ያንን ቦታ ማሰብ ያስቸግራል። እኛ ጋ አቧራና ሙቀት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ባጃጁም ሰውም ጥላ ፍለጋ ነው። ከአዳማ ተነስታችሁ ደራን፣ ቀጥሎ አሰላን አልፋችሁ ሽቅብ ስትወጡ ግን መጀመሪያ ባሕር ዛፉ ይቀራል፣ ቀጥሎ ስንዴው፣ ቀጥሎ ገብሱም ይቀርና ጓሳ ሣርና አስታ የሚሉት ቁጥቋጦ ብቻ ይተርፋል። መሬቱ ሜዳ ይመስላል፤ ሜዳ አይደለም፤ ሣሩ ሥር ውሃ ነው። አልፎ አልፎ ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል ብቻውን ተገትሮ ይታያል፤ ከሩቅ ሲያዩት የቆመ ሰው ይመስላል፣ ቀርበው ሲያዩት የሞተ ነገር ይመስላል። ንፋሱ ፊት ይልጣል። የአገሩ ሰው በኦሮምኛ ሁሪ የሚለው ጉም ሲወርድ ደግሞ የገዛ እጅ አይታይም። እግዚአብሔር ሁሉን በምክንያት እንደፈጠረ አምናለሁ፤ ያንን ሜዳ የፈጠረበት ምክንያት ግን እስካሁን አልተገለጠልኝም።

ቤቱን የሠሩት የባሌ አባት ናቸው። እኔ አልደረስኩባቸውም፤ ታሪኩን የሰማሁት ከባሌና ከድሮ ሾፌሮች ነው። ሰውየው ኤንትሬ በሚሉት የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበሩ። በዚያን ጊዜ አስፋልት የለም፤ ክረምት ሲገባ ገብስ የጫነ መኪና ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። መኪናውን በበሬ የሚያስጎትቱት የአማቴ አባት ነበሩ። ረዳቱ በየክረምቱ እዚያ ሲታሰሩ የበሬውን ባለቤት ልጅ አገቡና የመኪናውን ሥራ ተዉ። ከዚያ ጭቃው አጠገብ የአስታ እንጨት አቁመው፣ ጭቃ መርገው፣ ቆርቆሮ አልብሰው የመንገደኛ ማደሪያ ከፈቱ። ሾፌሮቹ ይቀልዱ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ጭቃውን በባልዲ የሚያጠጣው እሱ ነው፣ ገበያው እንዳይደርቅበት ነው፣ ይሉ ነበር አሉ።

ደግነት የሚባለው ነገር አንድ ነበር፤ እሱን አልክድም። በየቤቱ እንደነበረው ወግ፣ ከደጅ "የመሸበት ነኝ" ያለ ሰው አይመለስም ነበር። ሌላው ግን ቁንጫ ነው፣ ጢስ ነው፣ ከገብስ ዱቄትና ከድንች በቀር የሌለበት ማዕድ ነው። ሾፌሮቹ ቤቱን ከርቸሌ ነበር የሚሉት። "ዛሬ የት አደርክ?" ሲባሉ "ከርቸሌ" ይላሉ።

ከርቸሌ ያሰኘው ደግሞ የጫማው ነገር ነው። ይህ የመጣው የባሌ አባት ከሞቱ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ጉም እንደወረደ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ሰውየው መኪና ሰምጦ ይሆናል ብለው ድምፁን ተከትለው ወጡ። ጉም ውስጥ ድምፅ ቦታ የለውም፤ ከቀኝ የመጣው ከግራ ይሰማል። ጉሙ ሲገለጥ ረግረጉ ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ ከቤቱ ቢጣሩ በሚሰማበት ቦታ ላይ። ባሌ ያኔ ገና ሕፃን ነበር።

ከዚያ ወዲህ አማቴ ሁለት ነገር አመጡ። አንደኛው፣ ከአሮጌ መኪና የተፈታ የጎማ ብረት፣ ቸርኬ፣ ከቤቱ ማዕዘን ላይ አንጠልጥለው ጉም ሲወርድ ውጭ ለቀረ ሰው መምታት ነው። ሁለተኛው ጫማ መቀማት ነው። እንግዳ ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። አማቴ ጥንድ ጥንዱን በክር አስረው እሳታቸው ላይ ካለው አግዳሚ እንጨት ያንጠለጥሉታል። ጠዋት ወጥተው ከረግረጉ ማዶ ያለውን አንድ ጅብራ በዓይናቸው ይፈልጋሉ። ከታየ "ጅብራው ታየ" ይላሉ፣ ጫማ ይታደላል። ካልታየ የአገረ ገዢ ልጅም ቢሆን ጫማውን አያገኝም። ብዙ ሰው ሰድቧቸዋል። አንዱ የመንግሥት ሰው ሲጮህባቸው "አልያዝኩህም እኮ፣ በባዶ እግርህ ሂድ" ብለው እሳታቸውን መቆስቆስ ቀጠሉ አሉ። ሰው ይህንን እንደ ትልቅ ቁም ነገር እየሳቀ ያወራዋል።

ሐዘናቸው ይገባኛል። ባል ማጣት ምን እንደሆነ ለማወቅ ባል ማጣት አያስፈልግም። ግን የሰው ጫማ ምን አደረገ?

እኔ የተጣላሁት በመጀመሪያ ልጄ ነው። ገና ጡት የምትጠባ ነበረች። ባሌ ለአያቷ እናሳያት ብሎ ወሰደን፤ እሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ጭነት ነበረበትና ትቶን ወረደ። ልጄ ስታስል አደረች። ሲነጋ አሰላ ጤና ጣቢያ ላደርሳት አዝዬ ተነሳሁ። አማቴ ወደ ውጭ አይተው ተመለሱና ተቀመጡ። ጫማዬን ብላቸው አልሰጡኝም። ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ፣ በመጨረሻ የማይባል ነገር ተናገርኩ። እሳቸው ገብስ እየቆሉ ነበር፤ ማማሰያውን እንኳ አላቆሙም። ፀሐይ ከፍ እስክትል ድረስ ልጄ እቅፌ ውስጥ እያሳለች ተቀመጥኩ። ጅብራው ሲታይ ጫማዬን አመጡ። በእሳት ደርቆ፣ ሞራ ተቀብቶ ነበር። ያንን ሞራ እስከ ዛሬ ይሸተኛል። ልጄ ዳነች፤ እኔ ግን አልዳንኩም። ለባሌ ብነግረው "ጫማሽን ነው እንጂ እግርሽን አልወሰደችብሽ" ብሎ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ለበዓል እንጂ አልወጣሁም። ስወጣም በሚኒባስ ደርሼ ሳይመሽ እመለሳለሁ። ልጆቼን ግን መከልከል አልቻልኩም፤ የአባታቸው እናት ናቸው። ልጆቹ አኮ ነው የሚሏቸው፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ልጄ ገና ከልጅነቷ አኮዋን ትወዳለች፤ ያን ጠዋት እቅፌ ውስጥ ስታስል የነበረችው ራሷ። እኔ የማለቅስበትን ታሪክ እሷ እንደ ተረት ነው የሰማችው። ንገሪኝ እያለች አማቴ ደግመው ደጋግመው ነግረዋታል፣ በእኔ ላይ እየሳቁ።

ቤቱ ሊሞት ነበር። አስፋልቱ ሲሠራ በበታች በኩል አለፈና ቤቱ ከመንገዱ ርቆ ብቻውን ቀረ። ከመንገዱ ተነስቶ ረግረጉን እየዞሩ ረዘም ያለ የእግር መንገድ ነው። የሚያድር መኪና የለም፤ ከአዳማ ጠዋት የተነሳ ሰው በምሳ ሰዓት ላይ አልፎት ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። አማቴ ይወርዳሉ፣ ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ፣ የሚቀሙት ጫማ የእኔ ብቻ ይሆናል ብዬ ነበር። አልወረዱም። ከዚያ ደግሞ እነዚህ ወጣቶች መጡ። ከአዲስ አበባ እየመጡ ተራራ ይወጣሉ፤ ለምን እንደሚወጡ አላውቅም፣ ላይ ምንም የለም። ማደሪያ ፈልገው ቤቱን አገኙት፣ ከርቸሌው ዳግመኛ ሰው ገባበት።

ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቷ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። አኮ ጋ ትንሽ ልቆይ ብላ ወጣች። መስከረም አለቀ፣ አልመጣችም። እኔ አዳማ ባለ ኮሌጅ የነርስነት ቦታ ለምኜ አግኝቼላት ነበር። ስደውል መጣሁ ትላለች፤ ብዙውን ጊዜ ኔትወርክ የለም። አንድ ቀን ባሌ ከመቂ የጫነውን ሽንኩርት ወደ ላይ አድርሶ ሲመለስ እናቱ ቤት የሰማውን ነገረኝ። አማቴ ቤቱን ለልጅቷ ልሰጣት ነው ብለዋል፤ እሷም ግድግዳውን ነጭ ቀለም ቀብታ፣ መንገዱ ላይ ሰሌዳ ልታቆም ነው። ባሌ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ደስታ ነበር። ምዝገባው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ቦርሳዬን አዘጋጀሁ።

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ልጆቼን ያሳደግኩት በጥንቃቄ ነው፤ ሰው ፍርሃት ይለዋል። ቦርሳዬ ውስጥ ከዳቦውና ከመድኃኒቱ ሥር ሁለት ጥንድ ኮንጎ ጫማ በነጠላ ጠቅልዬ ደበቅኩ፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የልጄ። አማቴ እግሬ ላይ ያለውን ይቀሙኝ። የጠዋቱን አውቶቡስ ግን አይቀሙኝም።

አስፋልቱ ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቤቱ ነጭ ተቀብቷል፤ የባሰ ራቁቱን ቀርቷል። ልጄ የአኮዋን ጋቢ ለብሳ ተራራ ሊወጡ ከአዲስ አበባ የመጡ የሁለት ልጆችን ጫማ እየሰበሰበች ነበር። ወንዱ ጫማውን ሲሰጣት ጓደኛው ፎቶ ታነሳለች፤ ጨዋታ መስሏቸዋል። ልጄ ስታየኝ ሮጣ አቀፈችኝ። ጢስ ጢስ ሸተተችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ እግሬን አየችና እጇን ዘረጋች። ጫማዬን ለልጄ አወለቅኩላት። ይህን ያህል ደርሷል።

አማቴ እሳት ዳር ነበሩ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን አላረጀም።

"ቆለኛዋ መጣሽ?" አሉኝ። "ምን ንፋስ ጣለሽ?"

ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት፣ የኮሌጁ ምዝገባ ነገ ያበቃል፣ ጠዋት አውቶቡሱን እንይዛለን አልኳቸው። ሳልቀመጥ ነው የተናገርኩት፤ እዚያ ቤት ከተቀመጡ ነገር ይረሳል።

"እግር አላት፣ ትሂድ" አሉ።

"ጫማዋስ?"

"ጫማዋ የጅብራው ነው።"

እራት ከመቅረቡ በፊት ልጄን ወደ ውጭ ጠራኋትና ቤቱ ጀርባ ቆመን ተነጋገርን። ብርድ ነው። እሷ አልበረዳትም። አኮ ብቻዋን ናት አለች። እኔስ ብላት፣ አንቺ አዳማ ሙሉ ሰው አለሽ አለችኝ። ነርስነት የተከበረ ሥራ ነው፣ ነጭ ልብስ ነው፣ ከከተማ አያስወጣሽም አልኳት። አንቺ ነሽ የመረጥሽው፣ እኔን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ አለች። እኔ ስላልተጠየቅኩበት ሕይወት ልነግራት ፈለግሁ፤ ግን ከውስጥ የአማቴ ሳል ተሰማ፣ ተውኩት። ከዚያ እንዲህ አለች፦

"ጠዋት ጅብራው በጊዜ ከታየ አብሬሽ እወርዳለሁ። አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ ከታየ ግን እቀራለሁ፣ አንቺም አትቆጪኝ።"

"ሕይወትሽ ዕጣ ነው?" አልኳት።

"ዕጣ አይደለም። እዚህ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚሄደው።"

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። ኮንጎው ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ አውቄ ነበር።

ሲነጋ በሩን ከፈትኩ። ነጭ ነበር። ግቢው የለም፣ አጥሩ የለም፤ ደረጃው ላይ ሆኜ የቸርኬውን ብረት ማየት አልቻልኩም። አማቴ ከኋላዬ መጥተው አዩና ተመልሰው ተቀመጡ። ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ልጄም ከጎናቸው ተቀመጠች፤ አቀማመጧ ቁርጥ እሳቸውን።

ነጠላውን ፈትቼ ሁለቱን ጥንድ ኮንጎ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። የአዲስ አበባዎቹ ልጆች ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም።

"ከአዳማ ይዘሽው መጣሽ?" አለች።

"ልበሺው" አልኳት።

አማቴ ጫማዎቹን ረጋ ብለው አዩዋቸው። "ቆላ ብልጥ ነው" አሉ። ሊቀሙኝ እጃቸውን ቢዘረጉ እወድ ነበር፤ የምታገለው አገኝ ነበር። ልጄ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። እማ፣ ጉሙ ይገለጥ፣ ተቀመጪ አለችኝ፤ ለእንግዳ እንደሚባለው፣ በቀስታ። ያ ቀስታዋ አናደደኝ። ወርጄ አውቶቡሱን አስቆመዋለሁ፣ ልብ ስትገዢ ትከተይኛለሽ ብያት ወጣሁ።

መንገዱን አውቀዋለሁ። በነጭ ድንጋይ ምልክት የተደረገለት ነው። ጉም ውስጥ ግን ሁሉም ነገር ነጭ ነው። ጥቂት እንደሄድኩ ድንጋዮቹ ጠፉ፣ እግሬ ሥር ሣሩ ለስለስ አለ። ቆምኩ። ቀሚሴ ረጥቦ ጉልበቴ ላይ ተጣበቀ። ወደ ኋላ ብመለስ ኋላዬ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ጸለይኩ፤ ድምፄ ከአፌ ሳይርቅ የሚቀር መሰለኝ።

ያኔ ጡሩምባ ሰማሁ። አውቶቡሱ ነው፤ ጉም ውስጥ ቀስ ብሎ እየነፋ የሚወርደው። ከግራዬ ነበር። ደስ ብሎኝ ወደዚያ ተራመድኩ። ሁለተኛ ሲነፋ ከቀኜ ሆነ። ዞርኩና ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ መሬቱ ከሥሬ ወረደ። አንድ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። ስጎትተው እግሬ መጣ፣ ኮንጎው ቀረ። የባሌ አባት ትዝ አሉኝ። አንድም ቀን አስቤያቸው የማላውቅ ሰው፣ ያን ጊዜ አጠገቤ የቆሙ መሰለኝ፤ ፈራሁ፣ ተናደድኩም። ሦስተኛው ጡሩምባ ከሩቅ ተሰማና ጠፋ። አውቶቡሱ አለፈ።

ከዚያ ቸርኬው ተመታ።

መጀመሪያ ሲሰማኝ የበለጠ ተቆጣሁ። አማቴ እንደ ጠፋች ላም ሊጠሩኝ ነው፣ አልመለስላቸውም አልኩ። ባለሁበት ልቆም ወሰንኩ፤ ጉሙ ሲገለጥ በራሴ እወርዳለሁ። እግሬ ደነዘዘ። ቸርኬው ግን አልቆመም። እያዳመጥኩ ሳለ አንድ ነገር ልብ አልኩ። የአማቴን አመታት አውቀዋለሁ፤ ለበዓል ስወጣ ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜ መትተው ድምፁ ሞቶ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይመታሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ደውል ይመስላል። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። ይጣደፋል፣ ይደነቃቀፋል፣ አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃል። የሚመታው ሰው ያለቅሳል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ልጄ ናት።

ለአማቴ አልዞርም ነበር። ለልጄ ዞርኩ። እየቆምኩ፣ እያዳመጥኩ፣ እግሬን እየሞከርኩ ተመለስኩ። ድምፁ ጆሮዬን እስኪያመኝ ድረስ ቤቱን አላየሁትም።

ልጄ መምቻውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ቸርኬውን ትመታ ነበር። ስታየኝ ብረቱን ጣለችው። መዳፏ ተልጦ ደም ነበረው። አላቀፈችኝም፤ እዚያው ቆማ በክንዷ ፊቷን ጠረገች። አማቴ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል።

"እኔ ልምታ ብላት እምቢ አለችኝ" አሉ። "ያንቺው ልጅ ናት። ግትር።"

ከዚያ ባዶ እግሬን አዩ። "አንዱስ?"

"ረግረጉ ወሰደው" አልኳቸው።

"እሱ አይመልስም" አሉ አማቴ። "እኔ እመልሳለሁ።"

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዲህ ታረቃችሁ ይለኛል። አልታረቅንም። ሰው ትክክል ስለሆነ ብቻ አይወደድም። እንዲያውም ትክክል መሆናቸው ነው ከሁሉ ያስቸገረኝ፤ ያን ጠዋት ልጄን አቅፌ ስለምናቸው ትክክል ቢሆኑም፣ አንድ ጊዜ እንኳ ማማሰያውን አስቀምጠው "አይዞሽ" ማለት ይችሉ ነበር።

የልጄን መዳፍ አጥቤ ይዤ በመጣሁት ቅባት አሸሁላት። ፀሐይ ከፍ ስትል አማቴ በሩ ላይ ቆመው "ጅብራው ታየ" አሉ። ወጥቼ አየሁት፤ ከረግረጉ ማዶ እንደ ሰው ቆሟል። ልጄ አግዳሚው ላይ ያሉትን ጫማዎች አውርዳ አደለች። የእኔን ስትሰጠኝ ደርቆ፣ ሞራ ተቀብቶ ነበር። የቀባችው እሷ ናት።

አሁንም ብንሮጥ፣ የጭነት መኪና ብንለምን፣ አሰላ ሌላ ሚኒባስ ብንይዝ ከሰዓት በፊት አዳማ እንገባለን አልኳት።

"ጅብራው በጊዜ አልታየም፣ እማ።"

"እኔ አልተስማማሁም።"

"አውቃለሁ። እኔ ግን ተናግሬያለሁ" አለች።

የአዲስ አበባዎቹ ልጆች አብረውኝ እስከ አስፋልቱ ወረዱ። ደግ ልጆች ናቸው፤ ክፉ ነገር ላወራላቸው አልፈለግሁም። ከመሄዴ በፊት ግን ማንም ሳያየኝ የልጄን ኮንጎ ከፍራሿ ሥር አስገባሁት። አንድ ቀን ቢመራት፣ አንድ ቀን መውጣት ፈልጋ ቢከለክሏት፣ እግሯ ባዶ እንዳይሆን ነው። እናት የምታደርገው ይህንን ነው።

ኮሌጁ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠ። እኔ አዳማ ነኝ፤ ሙቀቱም አቧራውም እንዳለ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባሌ ጭነት ይዞ ወደዚያ ሄዶ ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ፈታሁት። ኮንጎው ነው፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በክር ጥንድ ሆኖ የታሰረ። አማቴ አገኙት ብዬ ልቤ ነደደ። ባሌ ግን እናቴ አላየችውም አለኝ፤ ልጅቷ ናት የላከችው። መልእክት ነበራት። "የእንግዳውን ጫማ እየወሰድኩ የራሴን ብደብቅ አያምርም በላት" ብላለች።

ኮንጎው በራችን ጀርባ ተቀምጧል። ለታናሽ እህቷ ይሰፋታል፣ እኔን ይጠበኛል። አልሰጥም፣ አልጥልም።

ኔትወርክ ሲኖር እደውላለሁ። በልተሻል ወይ፣ ለብሰሻል ወይ፣ መዳፍሽ ዳነ ወይ እላታለሁ። ከኋላ እሳቱ ሲንጣጣ ይሰማኛል፤ ከዚያ የአማቴ ድምፅ፣ "ማናት?" ይላሉ።

ድሮ "እናቴ ናት" ነበር የምትላቸው። አሁን "ቆለኛዋ ናት፣ አኮ" ትላለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሳቃቸው እስኪያልቅ እጠብቃለሁ።